የቀድሞዎቹን የኪስ ኮምፒውተሮች ስትመርጡ፦ ፍጥነት፣ ባትሪና ቅርጽ

ስማርትፎን ከመምጣቱ በፊት ኮምፒውተርን ኪስ ውስጥ ለማስገባት ያልተሞከረ መንገድ የለም ማለት ይቻላል። የዛሬ ስልኮች ሁሉም አንድ ዓይነት መስታወት ናቸው፤ የያኔዎቹ ግን እርስ በርስ አይመሳሰሉም። አንዱ ኪቦርድ አለው፣ ሌላው ብዕር ብቻ። አንዱ በሁለት ድንጋይ ሳምንታት ይሠራል፣ ሌላው ማታ ቻርጅ ካላደረጉት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። ዛሬ እነዚህን ዕቃዎች የሚፈልጋቸው የኮምፒውተር ታሪክ የሚወድ ሰብሳቢ ነው፣ ወይም ደግሞ ማሳወቂያ ሳይጮኽበት ቁጭ ብሎ መጻፍ የሚፈልግ ሰው። ይህን መመሪያ ለሁለቱም ጽፌዋለሁ፤ ግን ወደ ሁለተኛው ያደላል፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ዕቃዎች የተሻሉት ዛሬም ሥራ ይሠራሉ።

አንድ ነገር ላስቀድም። የዕቃዎቹን ዝርዝር ዘርግቶ ሜጋኸርዝን ከሜጋኸርዝ፣ ሜሞሪን ከሜሞሪ ጋር የሚያወዳድር ሰው የማይሆነውን ይገዛል። የኪስ ኮምፒውተር ፍጥነት ማለት ዕቃው ከኪስ ከወጣ አንሥቶ የምትፈልጉት ነገር ስክሪኑ ላይ እስኪታይ፣ ወይም የመጀመሪያውን ቃል እስክትጽፉ ያለው ጊዜ ነው። ባትሪውንና ቅርጹንም የሚወስነው ይኸው ነው። ጥቂት ሥራ በትንሽ ጉልበት ቶሎ እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ዕቃ ትልቅ ባትሪ አያስፈልገውም፤ ባትሪው ትንሽ ከሆነ ደግሞ ዕቃው ቀጭንና ቀላል ይሆናል። ከዚህ በታች ሦስቱን ለየብቻ ባያቸውም ሥራቸው አንድ መሆኑን ልብ በሉ።

ለንጽጽር የቀረቡት

ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አታሪ በ1989 ያወጣው ፖርትፎሊዮ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው፤ ነገር ግን ስክሪኑ በአንድ ጊዜ 8 መስመር ብቻ ስለሚያሳይ ለሰብሳቢ ካልሆነ አልመክረውም። ነገሩ የሚጠናው ከ1991 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ኤችፒ 95 ኤልኤክስ የተባለውን፣ በ1994 ደግሞ የዚህ ቤተሰብ ምርጥ የሆነውን 200 ኤልኤክስ አወጣ። ይህ ኤምኤስ-ዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የማይክሮሶፍት ሲስተም) የሚሠራበት፣ ሎተስ 1-2-3 የሒሳብ ሰንጠረዥ አብሮት የተጫነበት፣ ታጥፎ የሚዘጋ ኮምፒውተር ነው። የእንግሊዙ ሳዮን በ1991 ሲሪስ 3፣ በ1997 ሲሪስ 5፣ በ1999 ደግሞ የተሻሻለውን ሲሪስ 5 ኤምኤክስ አቀረበ። አፕል በ1993 የኒውተን መሴጅፓድን ሸጠ፤ እስከ 1998 መጀመሪያ ድረስም አሻሻለው፤ ከዚያ ዘጋው። ፓልም በ1996 ፓይለትን ይዞ መጣ፤ ከእሱም ፓልም 3፣ ፓልም 5 እና የተቀሩት ተወለዱ። የፓልም መሥራቾች ራሳቸው ወጥተው ያቋቋሙት ሃንድስፕሪንግ ደግሞ በ1999 ቫይዘርን ሠራ። ማይክሮሶፍት በ1996 መጨረሻ ላይ ለትንንሽ ዕቃዎች የሠራውን ሲስተም፣ ዊንዶውስ ሲኢን፣ አወጣ፤ ብዙ ኩባንያዎች በእሱ የሚሠሩ ዕቃዎችን አመረቱ። ከእነዚህ መካከል በ2000 የወጣው የኮምፓክ አይፓክ በሰፊው የሚታወቀው ነው።

ፍጥነት

በወረቀት ላይ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። የ200 ኤልኤክስ ፕሮሰሰር 8 ሜጋኸርዝ ገደማ ነው። የመጀመሪያው ፓይለት 16፣ ሲሪስ 5 18፣ 5 ኤምኤክስ 36 ሜጋኸርዝ አላቸው። የመጀመሪያው ኒውተን 20 ሲሆን በ1997 የወጣው ኒውተን 2000 ወደ 162 ዘሏል። አይፓክ 206 ነው። ይህን ብቻ ያየ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አይፓክን ያነሣል። እጅ ላይ ሲገቡ ግን ተራው ይለወጣል።

ፓይለትን የሠራው ጄፍ ሃውኪንስ ዕቃው ገና ሳይኖር በዚያው መጠን የተቆረጠ እንጨት በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ይዞር ነበር። ቀጠሮ ሲይዝ ወይም ስልክ ቁጥር ሲፈልግ እንጨቱን አውጥቶ የሚጽፍበት ይመስል ይሞክረው ነበር። ከዚያ የወጡት መመዘኛዎች ጥቂት ናቸው፦ ሸሚዝ ኪስ ይግባ፣ ከጠረጴዛው ኮምፒውተር ጋር ያለ ችግር ይናበብ፣ ፈጣንና ቀላል ይሁን፣ ዋጋው 300 ዶላር አካባቢ ይሁን። የመጀመሪያው ፓይለት በ299 ዶላር ሲወጣ ሁሉንም አሟልቷል። ከስክሪኑ በታች ቁልፎች አሉ፤ አንዱ የቀጠሮ፣ አንዱ የአድራሻ፣ አንዱ የሥራ ዝርዝር፣ አንዱ የማስታወሻ። ዕቃው ጠፍቶ ሳለ የቀጠሮውን ቁልፍ ብትጫኑ በርቶ የዛሬን ቀን ያሳያችኋል። ማስነሻ ጊዜ የለም፤ ፋይል መክፈትና ሴቭ ማድረግ የሚባል ነገርም የለም። ፕሮግራሙም መረጃውም እዚያው ሜሞሪ ውስጥ ስለሚኖሩ ከሌላ ቦታ የሚጫን ነገር የለም። 16 ሜጋኸርዝ ለዚህ ሥራ ይበቃዋል፤ ቀጠሮ ለማየት ብቻ ከሆነ 206 ሜጋኸርዙን አይፓክ ይቀድመዋል።

የፓልም ፍጥነት የሚያዘው ስትጽፉበት ነው። ግራፊቲ የሚባለው አጻጻፍ እያንዳንዱን የላቲን ፊደል ባብዛኛው ብዕር ሳይነሣ በአንድ መስመር እንድትጽፉ ያስገድዳል። ኤ መሐል ላይ ያለው አግዳሚ ጭረት ይቀርና ወደ ላይ ወጥቶ የሚወርድ ጣሪያ ብቻ ይሆናል። ከግራ ወደ ቀኝ የተሰመረች አጭር ጭረት ባዶ ቦታ ናት፤ ከቀኝ ወደ ግራ ከሆነች የመጨረሻውን ፊደል ታጠፋለች። ፊደሎቹ ሁሉ የሚጻፉት አንዱ በሌላው ላይ፣ ከስክሪኑ ሥር በተከለለች ጠባብ ሣጥን ውስጥ ነው። እጅ ሲለምደው ዓይን ከሣጥኑ ይነሣና ጽሑፉን ብቻ ይከተላል። ለስልክ ቁጥርና ለአጭር ማስታወሻ ይህ ግሩም ነው። ሁለት ገጽ ጽሑፍ ለመጻፍ ግን ያደክማል፤ ለረጅም ጽሑፍ ብዬ ፓልምን ለማንም አልመክርም።

ኒውተን ተቃራኒውን መንገድ ነው የያዘው። ሰው መሣሪያውን ከሚማር መሣሪያው የሰውን እጅ ጽሑፍ ይማር አለ። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ የ1993ቱ መሣሪያ ግን አልቻለውም። አንድ ቃል ጽፋችሁ ትጠብቃላችሁ፤ መሣሪያው ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ሲያስተያይ ቆይቶ ብዙ ጊዜ ያላሰባችሁትን ቃል ያመጣል። ለጻፈው ሰው ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነበት፤ ስሙም ያኔውኑ ጠፋ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሶፍትዌር፣ በተለይም ፊደሎችን ለያይቶ የሚያነበው፣ እጅግ የተሻለ ነበር። በኒውተን 2000 እና 2100 ላይ ስትሮንግአርም የተባለው ፈጣን ፕሮሰሰር ሲጨመርበት ደግሞ መጀመሪያ ቃል የተገባው ነገር በእርግጥ ሠራ፤ ግን ያን ጊዜ ገበያው ወደ ፓልም ሄዶ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ኒውተን አለኝ ቢላችሁ የትኛው ኒውተን ብላችሁ ጠይቁ። በመጀመሪያውና በ2100 መካከል ያለው ርቀት በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ዕቃዎች መካከል ካለው ይሰፋል።

የሳዮንን ፍጥነት ለመረዳት ኢፖክ የሚባለውን ሲስተሙን ማወቅ ያስፈልጋል። ለትንሽ ሜሞሪና ለትንሽ ባትሪ ተብሎ ከሥሩ የተጻፈ ነው፤ ከትልቅ ኮምፒውተር ተቆርጦ የመጣ አይደለም። ብዙ ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ክፍት ሆነው ይቆያሉ። ክዳኑን ዘግታችሁ በሳምንቱ ስትመለሱ ያቆማችሁበት ፊደል ላይ ናችሁ። የ1997ቱ ሲሪስ 5 ረጅም ጽሑፍ ላይ አንዳንዴ ወደኋላ ይላል፤ 5 ኤምኤክስ ግን ፕሮሰሰሩ በእጥፍ ስለፈጠነና ሜሞሪው 16 ሜጋባይት ስለሆነ ይህ አይታይበትም። ሲስተሙ ጥሩ መሆኑን ገበያውም መስክሯል፤ በ1998 ሳዮን ከኖኪያና ከኤሪክሰን ጋር ሆኖ ሲምቢያን የተባለውን ኩባንያ ሲመሠርት መነሻው ይኸው ኢፖክ ነበር። በኋላ በሚሊዮኖች እጅ የገቡት የኖኪያ ስማርትፎኖች የዚህ ልጆች ናቸው።

200 ኤልኤክስ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የዶስ ጽሑፍ ፕሮግራም በ8 ሜጋኸርዝ በደንብ ይሄዳል፤ ትልቅ የሎተስ ሰንጠረዥ ግን ቁጥሮቹን እንደገና ሲያሰላ ያስጠብቃችኋል። ቀድሞ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚወስነውን ክሪስታል አስቀይረው ፍጥነቱን እጥፍ ያስደረጉ ተጠቃሚዎች ስለነበሩ ዛሬም እንዲህ የተሻሻለ ዕቃ ሊገጥማችሁ ይችላል።

የዊንዶውስ ሲኢ ዕቃዎችን በሁለት ክፈሏቸው። እንደ ኤችፒ 320 ኤልኤክስ ያሉት የመጀመሪያዎቹ 44 ሜጋኸርዝ ይዘው ቀርፋፋ ነበሩ፤ የጠረጴዛ ኮምፒውተርን መስኮትና ሜኑ በትንሽ ስክሪን ላይ መድገም ዋጋ አስከፍሏቸዋል። አይፓክና በኪቦርድ የሚሠራው ኤችፒ ሆርናዳ 720 ግን በ206 ሜጋኸርዝ ያን ሸክም ተሸከሙት። ሙዚቃ ማጫወት፣ ቪዲዮ ማየት፣ ባለቀለም ፎቶ መክፈት ከፈለጋችሁ ሌሎቹ አጠገባቸው አይደርሱም።

ባትሪ

እዚህ ላይ የማምነውን በግልጽ ልናገር፦ ከሱቅ በሚገዛ ድንጋይ የሚሠራ ዕቃ ዛሬ ከየትኛውም ቻርጅ ከሚደረግ የዚያ ዘመን ዕቃ ይሻላል። መብራት ይጥፋ ይምጣ የሚለው ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ምንም እንኳ እሱም ለብዙዎቻችን ትልቅ ምክንያት ቢሆንም። ዋናው ነገር ከ20 ዓመት በላይ የቆየ የሊቲየም ባትሪ ሞቷል ወይም ሊሞት ነው። ደብል ኤና ትሪፕል ኤ ድንጋይ ግን ዛሬም በየሱቁ አለ። ሳዮኖቹና 200 ኤልኤክስ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የምናስገባውን ደብል ኤ ሁለት ይወስዳሉ። ፓልም 3ና ቫይዘር የሪሞቷን ትንሿን፣ ትሪፕል ኤን፣ ሁለት። ኒውተን 2000 ደብል ኤን አራት።

ሁለት ድንጋይ እንዴት ይህን ያህል ይቆያል? አንደኛው ምክንያት ስክሪኑ ነው። ጥቁርና ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ የውጭ ብርሃን እያንጸባረቀ ይታያል እንጂ የራሱ መብራት አያስፈልገውም። ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲያጣ መተኛቱ ነው። ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው እንኳ በአንድ ፊደልና በሚቀጥለው መካከል የሚያሳልፈው ጊዜ ለፕሮሰሰሩ እጅግ ረጅም ነው፤ እሱም ያን ጊዜ ያንቀላፋበታል። ቁልፍ ሲነካ ይነቃል፣ ፊደሉን ይጽፋል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሳዮን ሲሪስ 5 በሁለት ድንጋይ እስከ 35 ሰዓት ይሠራል ሲል ከዚህ የተነሣ ነው። በቀን አንድ ሰዓት የሚጽፍ ሰው አንድ ወር ያህል አገኘ ማለት ነው። የስክሪኑን መብራት ካበራችሁት ግን ይህ ሒሳብ ይፈርሳል፤ መብራቱን ለጨለማ ብቻ ተዉት። ፓልም ደግሞ የሚበራው በየጊዜው ለጥቂት ሰከንድ ስለሆነ ድንጋዩ ለሳምንታት ይቆያል።

ፓልም 5 የመጀመሪያው ቻርጅ የሚደረግ ፓልም ነበር፤ በ1999 ሲወጣ በአንድ ቻርጅ ሳምንታት መቆየቱ አስደናቂ ነበር። አይፓክ ግን ከቀለም ስክሪኑና ከፈጣን ፕሮሰሰሩ ጋር አዲስ በነበረበት ጊዜ እንኳ አንድ የሥራ ቀን ነው የሚያገለግለው። ሆርናዳ 720ን ኩባንያው 9 ሰዓት ይሠራል ብሎት ነበር።

ከሰዓቱ ቁጥር በላይ የምሰጋው ሌላ ነገር አለ። በእነዚህ ዕቃዎች ሁሉ ማለት ይቻላል፣ የኋለኞቹን ኒውተኖች ትተን፣ የጻፋችሁት ነገር የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ባዶ በሚሆን ሜሞሪ ላይ ነው። ኒውተን 2000 እና 2100 ጽሑፉን ፍላሽ ላይ ስለሚያስቀምጡ ባትሪያቸው ቢያልቅም አይጠፋባቸውም። ሲሪስ 5ና 200 ኤልኤክስ ለዚህ ሲሉ ከዋናው ድንጋይ ሌላ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ጠፍጣፋ መጠባበቂያ አላቸው። ፓልም 3 ላይ ድንጋይ ስትቀይሩ አሮጌውን አውጥታችሁ አዲሱን ለማስገባት ያላችሁ ጊዜ አንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ አዲሶቹን ከፍታችሁ አጠገባችሁ ሳታስቀምጡ አሮጌዎቹን አታውጡ። አይፓክ ባትሪው ጨርሶ ካለቀ ከፋብሪካ እንደወጣ ባዶ ሆኖ ይነሣል። ለጸሐፊ ከዚህ የከፋ ጉድለት የለም።

ቅርጽ

ከሁሉም አስቀድሜ የማነሣው ሲሪስ 5 ነው፤ ብዙ ዕቃ አይቼ እንደዚህ የታሰበበት አላየሁም። ችግሩ ይህ ነበር፦ ታጥፎ በሚዘጋ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ስክሪኑን በብዕር ስትነኩት ዕቃው ወደኋላ ይወድቃል። ንድፉን የሠራው ማርቲን ሪዲፎርድ ይህን የፈታው በማጠፊያው ነው። ክዳኑን ስታነሡ ኪቦርዱ ወደ እናንተ እየተንሸራተተ ይወጣል፤ ስክሪኑም ወደኋላ ዘንበል ብሎ በራሱ መሠረት ላይ ያርፋል። ብዕሩን ጠበቅ አድርጋችሁ ብትጫኑም አይነቃነቅም። ሲዘጋ ሁሉም ተመልሶ ይገባና ወደ 17 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ 9 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ አንድ ዕቃ ይሆናል። ቁልፎቹ እንደ እውነተኛ ኪቦርድ የሚሰምጡና የሚመለሱ ናቸው፤ በዐሥር ጣት የሚጽፍ ሰው ትንሽ ከጠበበው በቀር ይጽፍባቸዋል። ስክሪኑ 640 በ240 ነጥብ ስለሆነ አንድ ሙሉ የጽሑፍ መስመር ሳይቆረጥ ይታያል። ክብደቱ ከድንጋዮቹ ጋር 350 ግራም አካባቢ ነው። ድካሙ ስክሪኑ ላይ ነው፤ ንፅፅሩ ደብዛዛ ስለሆነ ብርሃን በደንብ በማይገባበት ክፍል ዓይን ይፈትናል።

ፓልም 5 ሌላ ዓይነት ውበት ነው። አይዲኦ የተባለው የንድፍ ድርጅት የተሳተፈበት ይህ ዕቃ ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 115 ግራም ገደማ ሆኖ አሉሚኒየም ለብሷል። ቀጭን የሆነው ግን ብሎን ስለሌለው ነው፤ ሁለቱ ግማሾች በሙጫ ተጣብቀዋል። ባትሪውን ለመቀየር በሙቀት አለስልሶ መክፈት ያስፈልጋል፤ በዚያ መካከል ስክሪኑን መሰንጠቅ ቀላል ነው። ለመደርደሪያ ፓልም 5 ይሻላል፤ ለመያዝና ለመጠቀም ግን ፓልም 3ን ወይም ቫይዘርን ውሰዱ። ቫይዘር ጀርባው ላይ ካሜራ፣ ስልክ፣ ተጨማሪ ሜሞሪ የሚሰካበት ቦታ ነበረው፤ ዛሬ ግን የሚጠቅማችሁ ከኮምፒውተር ጋር በዩኤስቢ መገናኘቱ ነው። የያኔዎቹ ሌሎች በአብዛኛው የሚጠቀሙበት የሲሪያል መሰኪያ አሁን ከላፕቶፖች ላይ ጠፍቷል።

200 ኤልኤክስ የሒሳብ ማሽን ቁልፍ ነው ያለው፤ ቁጥር ለብቻው በቀኝ በኩል ተሰልፏል። ሁለት እጅ ይዞ በአውራ ጣት መጻፍ እንጂ በዐሥር ጣት አይሆንም። ለነጋዴና ለኢንጂነር ተመችቶት ነበር። ኒውተን 2000 ከ600 ግራም በላይ ስለሆነ ኪስ አይገባም፤ በቦርሳ ወይም በክንድ የሚያዝ ነው። ስክሪኑ ግን ሰፊ ነው፤ ዞር ሲያደርጉት ጽሑፉም አብሮ ዞሮ በአግድም ይቀመጣል። አይፓክ በእጅ ሲያዝ ያምራል፤ ነገር ግን ካርድ ለመጨመር ከጀርባው የሚለበስ ማቀፊያ ይፈልጋል፤ ማቀፊያው ሲለብስ ያ ውበት ይቀራል።

አማርኛ ለሚጽፍ

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደሎች የሚለዩበት የጋራ መስፈርት) ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ስለዚህ ከእነዚህ ዕቃዎች አብዛኞቹ የእኛን ፊደል ሳያውቁ ነው የተወለዱት። ፓልም፣ ሲሪስ 5ና 200 ኤልኤክስ አንድን ፊደል በአንድ ባይት የሚያስቀምጡ ስለሆኑ ከ256 የሚበልጥ ምልክት አይይዙም፤ የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከዚያ በላይ ነው። ዊንዶውስ ሲኢ ግን ከመነሻው በዩኒኮድ የተሠራ ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ እንደ ዐረብኛ እርስ በርሱ የሚያያዝ ስላልሆነ ቅርጸ ፊደሉ ከተጫነለት አይፓክ አማርኛን ያሳያል፤ ለመጻፍ ግን ለብቻው የኪቦርድ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ኒውተን ላይ ደግሞ ደስ የሚል መውጫ አለ። የእጅ ጽሑፍን ወደ ፊደል እንዲለውጥ ማድረጉን ትታችሁ የጻፋችሁትን እንደ ቀለም እንዲይዘው ብታደርጉት በእጃችሁ የጻፋችሁትን አማርኛ እንዳለ ያስቀምጠዋል። ቃላቱን እንደ ቃል ስለሚቆጥራቸው መሐል ላይ ሌላ ቃል ስትጨምሩ የቀሩት ተገፍተው ወደ ሚቀጥለው መስመር ይወርዳሉ። መፈለግ አይቻልም፣ ወደ ኮምፒውተርም እንደ ጽሑፍ አይሄድም፤ ለማስታወሻ ግን ከላቲን ፊደል ጋር መታገልን ያስቀራል።

እንግዲህ የትኛው?

ለመጻፍ ከሆነ ሲሪስ 5 ኤምኤክስን ግዙ፤ የመጀመሪያው ሲሪስ 5 በጣም በርካሽ ካልተገኘ በቀር አትሞኙበት። ጽሑፋችሁ በላቲን ፊደል ከሆነ፣ ወይም አማርኛውን በላቲን ጽፎ በኋላ መለወጥ ካላስቸገራችሁ፣ ከሁሉም የሚበልጥ የጽሕፈት ዕቃ ነው። ለቀጠሮና ለስልክ ቁጥር ባለ ድንጋይ ፓልም ወይም ቫይዘር ይበቃችኋል፤ ዋጋቸውም ዝቅ ይላል። የፓልም የቀን መቁጠሪያ የሚሠራው እስከ 2031 ብቻ መሆኑን ግን እወቁ። ዶስን የምትወዱና ፋይላችሁ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ የሚከፈት ተራ ጽሑፍ እንዲሆን የምትፈልጉ 200 ኤልኤክስን አትለፉት። እጅ ጽሑፍ ለሚወድ ኒውተን 2100፤ ይህ የ2010 ቀን ችግር የነበረበት ስለሆነ ወዳጆቹ የሠሩት ማስተካከያ ተጭኖበት እንደሆነ ጠይቁ። አይፓክን የምመክረው ያ የቀለም ዘመን እንዴት እንደጀመረ በእጁ ማየት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ በየቀኑ ሊሠራበት ለሚያስብ ሰው አይደለም።

ከመክፈላችሁ በፊት

የድንጋይ ቤቱን ክፈቱ። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካያችሁ ድንጋይ ፈስሶበታል፤ ብረቱ ብቻ ከሆነ በኮምጣጤ ወይም በሎሚ ይጸዳል፣ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ግን ተዉት። ሲሪስ 5ን ስትከፍቱ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱት። ስክሪኑ ላይ መስመር ከታየ፣ ወይም ምስሉ ብልጭ እያለ ከጠፋ፣ ስክሪኑን ከሰውነቱ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ሪባን እየተሰነጠቀ ነው። የዚህ ቤተሰብ ዋና በሽታ ይኸው ስለሆነ ሻጩ ትንሽ ነገር ናት ቢላችሁ አትቀበሉት። በ200 ኤልኤክስ ላይ የማጠፊያውን ጎኖች ተመልከቱ፤ ፕላስቲኩ እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። በፓልም ላይ የስክሪኑን አራት ማዕዘን በብዕር ነክታችሁ የነካችሁትና የሚመልስላችሁ አንድ ቦታ መሆኑን አረጋግጡ። በአይፓክ ላይ ከመስታወቱ ሥር አቧራ መግባት የመጀመሪያዎቹ ምርቶች የታወቀ ችግር ነው።

ዕቃው እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ መጠባበቂያዋን ክብ ድንጋይ ቀይሩ፤ ይህን ስታደርጉ ዋናዎቹ ድንጋዮች ውስጡ ይሁኑ። ለ5 ኤምኤክስና ለ200 ኤልኤክስ ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ፈልጉ፤ ሳዮኑ በቀጥታ ይቀበላል፣ ኤችፒው በአዳፕተር። ሳዮን ላይ ጽሑፉን እንደ ተራ ጽሑፍ አውጥታችሁ ካርዱ ላይ አስቀምጡ፤ በራሱ ዓይነት የተቀመጠውን ፋይል የዛሬ ፕሮግራሞች አይከፍቱትም። ካርዱን በዩኤስቢ ካርድ ማንበቢያ ላፕቶፕ ላይ ትሰኩና ትገለብጣላችሁ። ካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ድንጋይ ቢያልቅም አይጠፋም።